ሰላሳ እርምጃ

ሃያ ሁለት ዓመት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፕላን ላይ
ማኅተም ስመታ ኖርኩ፤
«ሴፕቲክ ታንክ፦ አለው» የምትለዋን መስመር
በቀይ እስክሪብቶ «ትክክል» እያልኩ፤
አንዱንም ጉድጓድ ወርጄ ሳላይ።

ጡረታ ስወጣ ኪቶ ላይ ቤት ሠራሁ፣
ከረግረጉ በላይ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፤
ወለሉ ሴራሚክ፣ ሽንት ቤቱ ባለ ወንበር፣
ግድግዳው ነጭ በረዶ።
የሚሄድበትንማ ማን ያስብ ኖሯል?
ቧንቧው ግድግዳ ሰብሮ ይወጣል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዜር ይመስላል።

«እዚህ ጋ» አልኩት ዳንቻን፣ አጥሩ ሥር በጫማዬ ጫፍ ጭሬ፤
«አራት ሜትር ቧንቧ ይበቃል፤ ይተርፋል ብሬ።»
ዳንቻ ከዳውሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ቃል ቆጣቢ፣
አካፋውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ
አየ አጥሩን አልፎ።

ከአጥሩ ወዲያ አደ ሙሉካ
የጉድጓዷን ቆርቆሮ አንሥታ ትቀዳለች፤
መዘውሩ ሲጢጥ ይላል፤
ቢጫ ጀሪካኗን ለሻይ፣ ለውዱእ ትሞላለች።

«ይሄ ቀይ አፈር ጋሼ፣ ወንፊት ነው ሆዱ፤
ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ወደ ታች ነው መንገዱ።
አንተ እዚህ የለቀቅከው እዚያ በጀሪካን ይወጣል፤
እሷ ለሻይ ትጥደዋለች፤
ጎረቤት ነህና ትጠራሃለች፤
ገብተህ ‹ስኳር ጨምሪልኝ› ትላለህ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።
ከአጥሩ ጀምሮ በእግሩ ይለካ ገባ፤
እኔም ከኋላው፤ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰላሳ ሲሞላ
ቆመ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከዘይቱናው ኋላ።
«ከቤቱም ዝቅ፣ ከውኃዋም ዝቅ፤ እዚህ ነው» አለ።
ብሬን በልቤ ደመርኩ፤ ቧንቧው ስድስት እጥፍ አከለ።

ቆፈረ። ሦስት ሜትር ሳይሞላ አፈሩ ረጠበ፤
«በቃ፣ ውኃው ቅርብ ነው» ብሎ፣ ጥልቀቱን ትቶ በወርድ አሰበ።
ሁለት ክፍል አደረገው፤ ዝቃጩ በአንዱ ሊቀር፣
የጠራው ወደ ሌላው ሊሻገር፤
ብሎኬቱን ውስጥ ውስጡን በሲሚንቶ ለስኖ፣
ለጋዙም ከጣራ በላይ የሚተነፍስበት ቱቦ አቁሞ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ገመዱ፤
ወገቡን ሳያስር፣ ጫፉን ሳልይዝለት፣ እንቢ ነው መውረዱ።
«አዲስ ጉድጓድ እኮ ነው፣ ባዶ! ምን ያስፈራሃል?» አልኩት አንድ ቀን።
በእጅጌው ላቡን ጠረገ።
«ታናሼ ላሎ እዚሁ ከተማ አሮጌ ሊጠርግ ገባ፤ ክዳኑ እንደተነሣ።
አልጮኸም።
ሊያወጣው የገባውም አልጮኸም።
ሰው ሽታውን ይፈራል፤ የሚገድለው አይሸትም።
ስናወጣቸው ሸሚዛቸው እንኳ በቅጡ አልቆሸሸም።»

ያን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ።
እኔም ተኝቼ ቆጠርኩ፤
አለው፣ አለው፣ አለው።
ስንቱ ጉድጓድ ይሆን በእኔ ቀለም የተከደነ?
ስንቱስ አጥር ሥር፣ ከሰው ውኃ ጎን የሆነ?
ጠዋት ዳንቻ ሲመጣ የዚያን ግቢ ባለቤት ስም
ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ።
«ሻይ ጠጣህ?» አልኩት።

ክዳኑን በፌሮ ኮንክሪት ሞላነው፤ መክፈቻውን
ሁለት ጎልማሳ ነው ተጋግዞ የሚያነሣው፤ ሕፃን አያንቀሳቅሰውም።
ገመዱን ጠቅልሎ፣ ሒሳቡን ሁለቴ ቆጥሮ፣
«ሲሞላ መኪና ጥራ። አንተ እንዳትገባ፤ ማንም አይግባ» ብሎኝ ሄደ።
ሣሩ በወሩ ሸፈነው።
እንግዳ ሲመጣ ሴራሚኩን ያደንቃል።

ጳጉሜ ላይ የከተማው ቧንቧ ሦስት ቀን ጠፋ።
አደ ሙሉካ በአጥሩ ላይ አንድ ጆግ አሻገረችልኝ፤
ለምን እንደማመነታ አልገባትም።
ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ አየሁ፣
እንደ ባለሙያ፣ እንደ ሌባም፤
ከዚያ ጠጣሁት።
ቀዝቃዛ ነው። ምንም ምንም አይልም።